ጥቆማ፦ ከኮስተር ኋላ ትንሽ መኪና ለመጎተት ጅማ ላይ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የቡና መፈልፈያና መቀሸሪያ ማሽን እንጠግናለን። ቡና ሲደርስ ከጅማ ወጥተን አጋሮ፣ ገራ፣ ሊሙ እያልን እዚያው ስለምንከርም አሮጌ ኮስተር ገዝተን ወንበሩን አስወጥተን አልጋ፣ የዕቃ መደርደሪያና ማብሰያ ቦታ አሠርተንበታል። ኮስተሯ ግን መንደር ውስጥ አትገባም። ስለዚህ ትንሽ መኪና ከኋላ አስረን ወስደን፣ ካረፍንበት ከተማ በእሷ ልንመላለስ አሰብን። በእጃችን ኦቶማቲክ ቪትዝና የድሮ ማንዋል ሱዙኪ ቪታራ አሉ። መኪና ጎትተን አናውቅም። ገመድ፣ ብረት ወይስ ሎቤድ (መኪና ጭኖ የሚወስድ ዝቅ ያለ ተሳቢ) መከራየት? ብረት ከሆነስ እዚሁ እናሠራው ወይስ ከውጭ እናስመጣ? የሞከራችሁት ጠቁሙን።

መልስ፣ ከቀድሞ የተሳቢ ሹፌር

ልጄ፣ ከመኪናው ምርጫ ልጀምር። ቪትዟን ተያት። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚዘዋወረው ሞተሩ በሚያዞረው ፓምፕ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቹ አስፋልት ላይ ሲዞሩ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋተጋል፤ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ብታደርጊውም ከዚህ አያድነውም። ቪትዝን በደህና ለመውሰድ የፊት ጎማዎቿ ከመሬት መነሳት አለባቸው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት ጎማ ያለው ትንሽ ተሳቢ ያስፈልጋል። ተሳቢው ሌላ ወጪ፣ ሌላ ጎማ፣ ሌላ ኩሽኔታ ነው፤ ካረፋችሁ በኋላም ማቆሚያ ቦታ ይፈልጋል።

ቪታራዋ ትሻላለች። የፎር ዊሉ አጭር ማርሽ ፎሌ ቦታ ካለው ጎማዎቹ ከካምቢዮው ይለያያሉ። ዋናው ማርሽ የት ላይ መሆን እንዳለበትና በየስንት ኪሎ ሜትሩ ቆማችሁ ሞተሩን ማስነሳት እንዳለባችሁ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል፤ እሱን ሳታነቡ እንዳትንቀሳቀሱ። ቁልፉም መሪው እስኪፈታ ድረስ መዞር አለበት፤ መሪው እንደተቆለፈ ከጎተታችኋት የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጎማው በጎኑ ይፋቃል። ይህን የሚያነብ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤትም ካለ ልብ ይበል፤ ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ቁጥራቸው እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ፣ ተጭኖ ነው መሄድ ያለበት። ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ዞሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ደግሞ ዕቃውን ያበላሻል።

ገመድና ካቦ የተበላሸ መኪና ቅርብ ጋራዥ ለማድረስ እንጂ ለእናንተ ሥራ አይሆኑም። ከኋላ መሪና ፍሬን የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ። ሞተሩ ስለጠፋ ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ የፍሬኑ አጋዥ አየር ያልቅና ፔዳሉ ይደርቃል፤ ቁልቁለት ላይ ያ ሰው በወቅቱ ካልያዘ እላያችሁ ላይ ይወጣል። ደግሞም ሐሙስ ገበያ ሲሆን ሂርማታ አካባቢ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። በሁለት መኪና መሀል ክፍተት ያየ እግረኛና ባጃጅ ሁሉ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ገመዱ አይታየውም።

የሚያዋጣችሁ ሹካ ብረት ነው፤ በአንድ ጫፉ ኮስተሯ ላይ፣ በሁለት እግሩ ቪታራዋ ላይ የሚታሰር። በሁለት በኩል ስለተያዘች ቪታራዋ ያለ ሹፌር ጎማዋን ራሷ እያዞረች ትከተላለች። ውጭ አገር፣ በተለይ አሜሪካ፣ መኖሪያ መኪና ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ብሉ ኦክስና ሮድማስተር የሚባሉት የሚሠሩት ተጣጣፊ ብረት ስንት ኪሎ እንደሚችል ተጽፎበት ይመጣል። ለዚህ ስል፣ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሹካውን ከዚያ አስመጡ እላለሁ። ከባድ ስለሆነ ከአንድ ሻንጣ ፈቃድ አብዛኛውን ይወስዳል። ቪታራዋ ላይ የሚታሰረው መያዣ ግን ለየሞዴሉ የተለየ ነው፤ እሱን እዚሁ አሠሩት።

ሎቤድ ለአንድ ጊዜ ጉዞ ጥሩ ነው። ባዶውን ስለሚመለስ ዋጋ ስትስማሙ ደርሶ መልስ መሆኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በየሳምንቱ ቦታ ለሚቀይር ሰው ግን አይሆንም።

መልስ፣ ከጋራዥ ባለሙያ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ በሹካው ላይ ግን አልስማማም። የአሜሪካ ሹካ እዚህ በተበየደ መያዣ ላይ ከታሰረ ጥንካሬው የመያዣው ያህል ብቻ ነው። የሚላቀቀውም ብዙ ጊዜ መያዣው ነው። ጎበዝ በያጅ ጅማ ውስጥ አለ፤ ለይቶ ማወቁ ላይ ነው ሥራው። በያጁን ሦስት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ መያዣውን የት ነው የምታስረው? ፓራውልት ላይ ወይም ላሜራ ላይ ካለሽ ሌላ ፈልጊ፤ ከሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን ከሥር ከተሸከመው ዋና ብረት ጋር ነው መያያዝ ያለበት። ሁለተኛ፣ በምን? በቡሎን ነው እንጂ ሻንሲው ላይ በብየዳ ብቻ መሆን የለበትም፤ ብየዳው የሻንሲውን ብረት በሙቀት ያደክመዋል። ቡሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተጻፈበት ይሁን፤ ዳዶውም የማይላላ ዓይነት። ሦስተኛ፣ ሁለቱ መኪኖች ቆመው ሹካው አግድም ይሆናል ወይ? የአንዱ ጫፍ ከሌላው ከ7 ሳንቲሜትር በላይ ከተበላለጠ፣ ፍሬን ሲያዝ ቪታራዋ ወይ ትነሳለች ወይ ትደፋለች። ልኩን ሳይወስድ ብረት መቁረጥ የጀመረ ሰው ጋር አታሠሩ።

ሁለት ሰንሰለት ደግሞ ከሹካው ሥር ተሻግረው መታሰር አለባቸው፤ ሹካው ቢላቀቅ ጫፉ አስፋልት ላይ ከመውደቅ ይልቅ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

የመብራት ሥራውን ለብየዳ ቤቱ አትስጡት፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ጋር ውሰዱት። የቪታራዋ ስቶፕና ፍሬቻ ከኮስተሯ ጋር አብሮ መብራት አለበት። ኮስተሯ 24 ቮልት ከሆነች፣ ቪታራዋ 12 ስለሆነች ቀጥታ ከተያያዙ አምፖሉ ይቃጠላል። ቀላሉ መፍትሔ ለብቻው 24 ቮልት አምፖል የገባበት የመብራት ሳንቃ አሠርቶ ከቪታራዋ ኋላ ማሰር ነው። ከኮስተሯ ኋላ ደግሞ ሰፊ ፓራፋንጎ አስደርጉ፤ አለበለዚያ ጠጠር መንገድ ላይ የቪታራዋ መስታወት አይተርፍም። ለመለዋወጫ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሰንሰለትና መንጠቆ ይፈልግላችሁ፤ የተሳበ ወይም የተሰነጠቀ ቀለበት ካየበት ግን አይግዛው።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ አንተም ተባረክ። ቪትዟን ትተናል። ሁሉንም በአንዴ ማሟላት ግን አንችልም፤ ሹካውን አሁን አሠርተን፣ ስትጎተት ቪታራዋም ራሷ ፍሬን እንድትይዝ የማድረጉን ነገር ለሚቀጥለው ወቅት ብናቆየውስ? ቪታራዋ ትንሽ ናት።

መልስ፣ ከቀድሞ የተሳቢ ሹፌር

አይሆንም ልጄ። ቪታራዋ ከ1 ቶን በላይ ናት፤ የኮስተሯ ፍሬን ደግሞ የተሠራው ለራሷና ለተሳፋሪዋ ነው። ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሁሉ የሚነግሩሽ ይህንኑ ነው፦ ዳገት መኪናሽን ያደክማል እንጂ አይገድልሽም፤ የሚገድለው ቁልቁለት ነው። የፍሬኑ ሸራ ከጋለ ፔዳሉን ብትረግጪውም አይዝም። ከውጭ የሚመጣ፣ ቪታራዋ ውስጥ ፔዳሉ ላይ ተቀምጦ ኮስተሯ ፍሬን ስትይዝ እሱም የሚረግጥ መሣሪያ አለ፤ ብሉ ኦክስ ፓትሪየት አንዱ ነው። ከአሜሪካ አንድ ዕቃ ብቻ ማስመጣት ከቻላችሁ ይህን አስመጡ። ሹካውን ልጁ እንዳለው እዚሁ አሠሩ፤ በዚያ አሳምኖኛል። ሹካው ቢላቀቅ የቪታራዋን ፍሬን የሚያሲዝ ቀጭን ካቦም አብሮ ይኑር።

መሣሪያው እስኪደርስ ባለቤትሽ ቪታራዋን ከኋላ እየነዳ ይከተልሽ። መሣሪያው ኖሮም ለዕቃ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አበልቲ ላይ ፈታችሁ እስከ ጊቤ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት ለየብቻ ውረዱ፤ እኔ ብሆን ወልቂጤ እስክደርስም አላስራት።

ሌላው ወደ ኋላ መሄድ ነው። በሹካ የታሰረች መኪና ወደ ኋላ አትገፋም፤ ጎማዋ ይጠመዘዝና ሹካውን ያጣምመዋል። ኮስተሯ 7 ሜትር ገደማ፣ ከቪታራዋና ከሹካው ጋር ወደ 12 ሜትር ትሆናላችሁ። ስለዚህ መውጫው የማይታይ ቦታ አትግቡ። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ስትገቡ ቀድማችሁ ፍቱ። ኩርባ ላይ ከለመድሽው ሰፋ አድርጊ፤ በስፖኪዮ ቪታራዋን ሳይሆን የኋላ ጎማዋን ተመልከቺ። ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ሰው በሌለበት ሜዳ ደጋግማችሁ እሰሩ፣ ዙሩ፣ ፍቱ። መንገድ ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ቁሙና ቡሎኑን በእጅ ንኩት፤ ቸርኬውንም ንኩት፤ ከሌሎቹ የበለጠ የጋለ ካለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው።

ከመበየዱ በፊት መድን ድርጅታችሁን የምትጎተተው መኪና በውሉ ትሸፈን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትም ሄዳችሁ መንጃ ፈቃዳችሁ ለዚህ ይበቃ እንደሆነ፣ መያዣው ለቦሎ ምርመራ ያስቸግር እንደሆነ ይንገሯችሁ። በያጁ ልኩን ሲያወጣ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፤ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት እኔም ልጁም እናየዋለን።