የዋንዛ በሮችን ከቺፑድ ካቢኔ ጋር ስለማስማማት የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

አዲስ አበባ የሚገኘውን የኮንዶሚኒየም ቤቴን ማዕድ ቤት በማሳደስ ላይ ሳለሁ ሥራው በካቢኔ በሮቹ ምክንያት ስለቆመብኝ፣ የእንጨት ሥራ ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወጪ ለመቀነስ የካቢኔው አካል ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቺፑድ የተገዛ ሲሆን፣ በሮቹ ግን በልኬት የታዘዙ፣ 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የዋንዛ ጣውላዎች ናቸው። መልካቸው በእውነት ያምራል። ሆኖም ከሲንኩ ሥር ያሉት ሁለት በሮች ክረምቱ ሲገባ አብጠው እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ የረጅሙ ካቢኔ በር ደግሞ በክብደቱ የላይኛውን ማጠፊያ ቪቴዎች ከቺፑዱ እየነቀለ ስለሆነ፣ ቀዳዳው ዱቄት እየረገፈበት ሰፍቷል። አናጺው ጠርዛቸውን በመላጊያ ልላጋቸው ይላል፤ እኔ ግን በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ክፍተቱ ከልክ በላይ እንዳይሰፋ እሰጋለሁ፤ በተለይም የበሮቹ ጀርባ ቫርኒሽ ስላልተቀባ እርጥበቱ የሚገባው በዚያ በኩል ይመስለኛል። እንጨቱ እስኪደርቅ ጠብቆ ጀርባቸውንና ጠርዛቸውን መቀባት ይበቃል ወይስ መላጉ የግድ ነው? የሰፋውንስ ቀዳዳ በእንጨትና በኮላ ሞልቶ እንደገና መብሳት ያን ክብደት ይችላል ወይስ ተጨማሪ ማጠፊያ ያስፈልገዋል?