ጥቆማ፦ ቨርችዋል ማሽን ውስጥ ኔትወርክ እምቢ ላላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ የሚባሉትን ሲስተሞች ቨርችዋልቦክስ (ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርችዋል ማሽን፣ የሚፈጥር ሶፍትዌር) ላይ ጭናችሁ «ኢንተርኔት አልገባ አለኝ፣ የዋይፋይ አዳፕተር ልግዛ ወይስ ላስጠግን?» ለምትሉ፣ በተለይ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አማራጮቹን ላወዳድርላችሁ። አብሽሩ፣ አብዛኛው ያለ ምንም ወጪ ይፈታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቨርችዋል ማሽኑ የላፕቶፓችሁን ዋይፋይ ካርድ በጭራሽ አያየውም፤ የሚያየው ሶፍትዌሩ የሠራለትን የኬብል ካርድ ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ የዋይፋይ ድራይቨር ስትፈልጉ ፓኬጃችሁን አትጨርሱ።

በስልክ ሆትስፖት ለምትሠሩ፣ ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን የሳፋሪኮም፣ ምርጫዬ ኤንኤቲ (ማሽኑ በላፕቶፑ ግንኙነት ተከልሎ የሚወጣበት ሴቲንግ) ነው። መግቢያ ገጽ ላለው ዋይፋይም እንደዚያው፤ ላፕቶፑ አንዴ ከገባ ማሽኑም አብሮ ይገባል። ብሪጅ (ማሽኑ ራሱን ችሎ ኔትወርኩ ላይ የሚገባበት ሴቲንግ) ካደረጋችሁት ግን ማሽኑ ለብቻው ግባ ይባላል፣ ጽሑፍ ብቻ ባለው ጥቁር ስክሪን ላይ ደግሞ ብሮውዘር የለም። በዚያ ላይ የዋይፋይ ራውተር የሚቀበለው ከእሱ ጋር የተገናኘውን የላፕቶፑን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ብቻ ነው። ቨርችዋልቦክስ አድራሻውን እየለወጠ ሊያሳልፈው ይሞክራል፤ አንዱ ራውተር ጋ ይሠራል፣ ሌላው ጋ አይሠራም። ብሪጅ የሚያምረው በኬብል ነው።

ኤንኤቲ ላይ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ያገኛል፣ መውጫው 10.0.2.2 ነው። መጀመሪያ ይህን መውጫ ፒንግ አድርጉ (ማሽኑ ውስጥ ping 10.0.2.2 ብላችሁ መልስ መምጣቱን እዩ)። ካልመለሰ ችግሩ ካርዱ፣ ድራይቨሩ ወይም የማሽኑ የኔትወርክ ሴቲንግ ጋ ነው። እሱ መልሶ 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል ሰርቨር) ዝም ካለ የራሱን የላፕቶፑን ኢንተርኔት እዩ። ሁለቱም መልሰው የድረ ገጽ ስም ብቻ ካልተከፈተ ችግሩ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው) ነው፤ ከዋይፋይ ወደ ሆትስፖት ስትቀያይሩ የሚመጣው ይሄኛው ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ብታስነሱት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

የካርድ ዓይነት ላይ የኢንቴል ፕሮ 1000ን እመክራለሁ፤ ሊኑክስም ፍሪቢኤስዲም ኦፕንቢኤስዲም ያውቁታል። ፒሲኔት የሚባለውን በጣም ላረጁ ሲስተሞች ተዉት። ለቨርችዋል ማሽን ተብሎ የተሠራው ቨርታዮ ፈጣን ነው፣ ፍሪቢኤስዲም ከስሪት 10 ጀምሮ ድራይቨሩ አብሮት አለ። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፦ ፍሪቢኤስዲ ላይ ካርዱን ከኢንቴል ወደ ቨርታዮ ስትለውጡ የካርዱ ስምም ከኢኤም0 (em0) ወደ ቪቲኔት0 (vtnet0) ይለወጣል። አርሲ ኮንፍ (/etc/rc.conf) በሚባለው የሴቲንግ ፋይል ውስጥ የቀድሞው ስም ተጽፎ ከቀረ ሲስተሙ የሌለ ካርድ ሊያስነሳ ይለፋል፣ አዲሱ ካርድ አድራሻ ሳይጠይቅ ይቀመጣል። ያቺን አንዲት መስመር አስተካክላችሁ ማሽኑን እንደገና አስነሱ።

ከጓደኛ በፍላሽ የተገለበጠ ማሽን ሲሆን አዲስ ማክ አድራሻ እንዲፈጥር እዘዙት። አለበለዚያ በብሪጅ አንድ ራውተር ላይ ሁለታችሁ ስትገቡ አንዱ ሌላውን ያስወጣዋል።

ግዴታ ዕቃ ልግዛ ካላችሁ፣ ከዩኤስቢ ዋይፋይ ይልቅ ዩኤስቢን ወደ ኬብል የሚቀይረውን ግዙ። ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ በእሱ ብሪጅ ታደርጋላችሁ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚጫን ነገር የለም። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ስትገዙ ከማሸጊያው በፊት ቺፑን ጠይቁ፤ ሪልቴክ 8153 ከሆነ ሊኑክስም ፍሪቢኤስዲም ላይ በቀጥታ ይሠራል። ዩኤስቢ ዋይፋይ ግን ለማሽኑ በቀጥታ ካልተሰጠ ጥቅም የለውም፣ ከተሰጠም ድራይቨሩን መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። ፎርማት ይደረግልህ የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁም ገንዘባችሁን ያዙ፤ የላፕቶፑ ብሮውዘር እየሠራ ከሆነ የሚነካው የማሽኑ ሴቲንግ ነው።

አሁንም እምቢ ያላችሁ፣ ወልድያም ሐይቅም ያላችሁ፣ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ የካርዱን ዓይነት፣ ኤንኤቲ ወይም ብሪጅ መሆኑን፣ 10.0.2.2 መመለስ አለመመለሱን። ከዚያ እናያለን።