ኢታሊክ ፎንት ለሚኒባስ ጎን ይሆናል?

ጠባሴ ስቲከር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ትንሽ የስቲከር ሥራ አለችኝ። አንድ ባለ ሚኒባስ መጥቶ ጎኑ ላይ «ደብረ ብርሃን – ሸዋ ሮቢት»፣ ከኋላ ደግሞ «ለሁሉም ጊዜ አለው» ብለህ ለጥፍልኝ፣ ፊደሉ የሚሮጥ ይምሰል አለኝ። ከተሞቹን ከሥር በእንግሊዝኛም ይፈልጋል። እንግሊዝኛውን ሄልቬቲካ በሚባለው ፎንት ኢታሊክ (ዘመም አድርጌ) ሠራሁት፣ ጥርት ያለ ነው። አማርኛውን ግን ኢታሊክ ስለው የሰከረ መሰለ። ፎንቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ቀለምና ብራና፦ አንተም አይደለህም ወንድሜ። ኢታሊክ ከላቲን የእጅ ጽሕፈት የመጣ ነገር ነው። በፈረንጅ 1501 ቬኒስ ላይ አልዶ ማኑዚዮ ትንንሽ መጻሕፍት ያተመበትን ፊደል ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነው የቀረጸለት፣ ቶሎ ቶሎ ሲጻፍ ዘመም የሚለውን የእጅ ጽሕፈት አይቶ። ሳንሰሪፍ (ጫፉ ላይ ጭረት የሌለው የላቲን ፊደል) በኋላ ሲመጣ ሁለት መንገድ ያዘ። ሄልቬቲካ ቀጥ ያለውን ፊደል 12 ዲግሪ ያጋድለዋል። በ1928 የወጣው ጊል ሳንስ የሚባል ፎንት ግን ኢታሊኩ ላይ የ«a»ን መልክ ራሱን ይቀይራል።

ግእዝ ይሄ ልማድ የለውም። የኛ ጸሐፊ አንድ ስም ለይቶ ማሳየት ሲፈልግ ቀይ ቀለም ያነሳል እንጂ ፊደል አያጋድልም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የግእዝ ፎንት እንኳ ከቀጭን እስከ ወፍራም ደርድሮልህ ኢታሊክ የለውም። አንተ ያየኸው ኮምፒውተሩ በጉልበት የገፋውን ነው። «ለ»ን አጉልተህ እያት፦ ግራ እግሯ ሊወድቅ ይደርሳል፣ ቀኟ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ው» ላይ ያለው ክብም አንዱ ጎኑ ይሳሳል፣ ሌላው ይወፍራል።

የጉም ልጅ፦ እኔ በዚያ መስመር ረዳት ነበርኩ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ታፔላውን እንኳ በግድ ነው የሚያነበው፣ ጭራሽ ያጋደለ ፊደል ጨምርበት! የከተሞቹ ስም ቀጥ ይበል። የኋላው ጥቅስ እንደፈለገ ይሩጥ፣ እሱን የሚያነበው ተከታዩ ሹፌር ነው።

ቀለምና ብራና፦ ልክ ብሏል። የላቲኑም ኢታሊክ ቢሆን ለመጽሐፍ ስም፣ ለባዕድ ቃል፣ ለፎቶ መግለጫ ነው የሚያምረው። ጥቅሱን የግድ ካጋደልከው ከ6 ወይም ከ7 ዲግሪ አትለፍ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉን ከጽሑፍ ወደሚጎተት ቅርጽ ቀይረውና የ«ለ»ን እግሮች በእጅህ አስተካክል፣ በፊደሎቹም መሀል ትንሽ አየር ተውለት። ደግሞ ቀጭን ፎንት አትምረጥ፣ ስቲከሩ ሲቆረጥ ቀጫጭኑ ይነሳብሃል።

ጠባሴ ስቲከር፦ ሁለቱንም በወረቀት አትሜ በሩ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩለትና መንገዱን ተሻግረን አየነው። ምንም ሳልለው ቀጥ ያለውን መረጠ፣ እንግሊዝኛው ብቻ ዘመም ይበል አለ። ሩጫውን ከሥሩ በሳብኳት ቀይ መስመር አመጣሁት። ጥቅሷን 6 ዲግሪ አድርጌ «ለ»ዋን ሳስተካክል አመሸሁ። አሁን የቀረን የዋጋ ክርክር ነው።