ኩባንያ ብቀይር የቤቴ ኢንተርኔት ይፈጥናል? (ጅማ፣ ጊንጆ)

የጊንጆዋ ቲቸር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ጊንጆ ነው። ቅዳሜና እሁድ ማታ አሜሪካ ሚኒሶታ ላሉ ሕፃናት አፋን ኦሮሞና አማርኛ በቪዲዮ አስተምራለሁ። እኛ ጋ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ገና ቀን ነው። ስድስት ልጆች ናቸው። ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው።

ያለኝ ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ የሚመጣው ነው፤ 4 ሜጋ። ቀን ቀን ደህና ነው። ማታ ግን እኔ ልጆቹን አያቸዋለሁ፣ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ እኔን ያጡኛል። ባለፈው ቅዳሜ «ተ»ን ከ«ጠ» እያስለየኋቸው ነበር። አፌን እንዲያዩልኝ ወደ ካሜራው ተጠጋሁ። ምስሉ እዚያው ደርቆ ቀረ። ትንሿ «ቲቸር፣ ሄድሽ?» ትለኛለች። አለሁ እላታለሁ። አትሰማም። ደግማ «ሄድሽ?» ስትል አንጀቴን በላችው።

ጎረቤቴ ሲም የሚገባበት ራውተር ገዝቶ ወደ ሌላኛው ኩባንያ ዞሯል። «ቀይሪና ተገላገይ» ይለኛል። የራውተሩ ዋጋ ግን ለእኔ ቀላል አይደለም። ገዝቼው ያው ሆኖ ቢገኝስ? ቀይራችሁ ያያችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር

አብሽሪ እህቴ፣ እኔ ቀይሬ አይቼዋለሁ። ከስልክ ሽቦ ወደ ሲም ራውተር ነው የዞርኩት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስለካው 30 ሜጋ አሳየኝ። ማመን አቃተኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሜ ስለካው 3 ሆነ። አንዱን ታወር ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚካፈለው። እኛ ሰፈር ደግሞ ተማሪ ይበዛል፤ ማታ ሲሆን ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። ታወሩ ያው አንድ፣ ተካፋዩ ብዙ።

በኋላ ቦታውን ቀየርኩት። መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነበር። ጣሪያችን ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት ነው፤ ሁለቱም ሲግናል ያፍናሉ። ወደ ታወሩ በሚያየው መስኮት ላይ ሳደርገው የማታው 3 ወደ 8 ወጣ። አምስት ሳንቲም አላወጣሁበትም።

ምክሬ ይኸው፤ የጎረቤትሽን ራውተር ለአንድ ቅዳሜ ማታ ተዋሺው። በራስሽ ቤት፣ በራስሽ ሰዓት ሞክሪው። ቀን ላይ የሚያሳይሽ ቁጥር አያታልልሽ። ደግሞ የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ 1 ጊጋ ያህል ሊበላ ይችላል። ጥቅሉ ገደብ ካለው አስልተሽ ግቢበት።

ፈረንጅ አራዳ

እኔ የቀየርኩት ሽቦውን እንጂ ኩባንያውን አይደለም። ፋይበር (በመዳብ ፈንታ በብርሃን የሚሠራው መስመር) ሰፈራችን ሲደርስ እዚያው ድሮ የነበርኩበት ኩባንያ ውስጥ ሆኜ ከመዳብ ወደ ፋይበር ዞርኩ። የቀኑም የማታውም አንድ ሆነልኝ። አንቺም ጋ ደርሶ እንደሆነ ጠይቂ። ከደረሰ ሌላው ሁሉ ይቆይሽ።

ጡረተኛው የመስመር ሠራተኛ

ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ምሰሶ ላይ ነው። ከመቀየርሽ በፊት አንድ ነገር ላስረዳሽ።

«እኔ አያቸዋለሁ፣ እነሱ ግን ያጡኛል» ያልሽው ቃል ዋናውን ነገር ይናገራል። ወደ አንቺ የሚመጣው ደህና ነው ማለት ነው። የታመመው ከአንቺ የሚወጣው ነው። በስልክ ሽቦ የሚሠራው ኢንተርኔት ሲታሰብ ሰው ብዙ ይቀበላል፣ ጥቂት ይልካል ተብሎ ነው። ለመላኪያው የተተወለት ቦታ ጠባብ ነው፤ በጥሩ ሽቦ እንኳ 1 ሜጋ ገደማ ነው። ጥርት ያለ ቪዲዮ ለመላክ ግን ከ1 ሜጋ ከፍ ያለ ይፈልጋል። አንቺ ያለሽው ጠርዝ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ የሚልክ ነገር ከተነሳ ያበቃል። ማታ ማታ ዋይፋዩ ላይ የሚገባ ስልክ አለ? ስልክ ቻርጅ ላይ ሲውል የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ኢንተርኔት የሚጭን አለ። ባለቤቱ እንኳ አያውቀውም።

አሁን ሞደሙ አጠገብ ተቀመጪ። ላፕቶፕሽን በኬብል አገናኚው። ዋይፋዩን አጥፊና ለኪ። ከዚያ በምታስተምሪበት ቦታ፣ በዋይፋይ፣ በዚያው ሰዓት ለኪ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ችግሩ ቤትሽ ውስጥ ነው። ያንን የትኛውም ኩባንያ አይፈታልሽም። የአዲሱን ራውተር ዋይፋይም ያው ግድግዳ ያግደዋል።

ቀጥሎ የሞደሙን ገጽ ክፈቺ። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለሽ ግቢ። «አቴኑዌሽን» እና «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታገኛለሽ። የመጀመሪያው ምልክቱ ሽቦው ላይ ምን ያህል እንደደከመ ይነግርሻል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሁለተኛው ምልክቱ ጫጫታውን ለመቋቋም ከሚያስፈልገው በላይ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ነው፤ ከ6 በታች ከወረደ መስመሩ ሊቆራረጥ ይችላል። ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።

ደግሞም የቤት ስልኩን አንሺና አዳምጪ። ምንም ቁጥር ካልነካሽ የመደወያው ድምፅ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። «ሽ» የሚል ካለበት ሽቦው ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል። የጅማ ዝናብ እንደምታውቂው ነው። ስንት የሽቦ መቀጠያ ከፍቻለሁ፤ ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚረግፍ። እንዲህ ዓይነት ሽቦ ላይ 4 ሜጋም ሆነ 10 ሜጋ ብትገዢ ልዩነቱን አታዪውም።

የጊንጆዋ ቲቸር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ።

የማስተምረው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ስላለ ጸጥታ የለም። ሞደሙ ሳሎን ነው። በመሃል አንድ የብሎኬት ግድግዳና የሰርቪሱ የቆርቆሮ ግድግዳ አለ። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሞደሙ አጠገብ በኬብል ስለካ መቀበያው 3.7፣ መላኪያው 0.8 ሜጋ አሳየ። ሰርቪስ ገብቼ በዋይፋይ ስለካ መቀበያው 1.9፣ መላኪያው 0.2 ሆነ። ቁጥሩን ሳይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስንት ወር ኩባንያውን ስወቅስ ነበር።

ሁለተኛው የወንድሜ ስልክ ነው። ባጃጁን አቁሞ የሚገባው 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስልኩን ቻርጅ ላይ ይሰካና ይተኛል። እርስዎ እንዳሉት ፎቶዎቹ የሚጫኑት ያኔ ነው። ስልኩን ከዋይፋዩ ሳወጣው ሰርቪስ ያለው 0.2 ወደ 0.4 ወጣ።

የሞደሙ ገጽ አቴኑዌሽን 41፣ ኤስኤንአር ማርጂን 11 ይላል። የቤት ስልኩ አሁን ጥርት ያለ ነው። ግን ባለፈው ክረምት «ሽ» ይል እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች።

የጎረቤቴንም ራውተር በዚያው ማታ ሞክሬዋለሁ። ሰርቪስ መስኮት ላይ መቀበያው 6፣ መላኪያው 2 አሳየ። ከእኔ ይሻላል፤ አልዋሽም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ ስለካው ግን መላኪያው 0.5 ነበር። ለልጆቹ ደግሞ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ከሁሉም ይብስባቸዋል።

ጡረተኛው የመስመር ሠራተኛ

ጎሽ ልጄ። 41 ማለት ቤትሽ በሽቦው መንገድ ከስልክ ማዕከሉ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ለ4 ሜጋ ይበቃል። ጥቅሉን ወደ 10 አሳድጊ ቢሉሽ ግን እሺ አትበዪ፣ ያ ሽቦ ላይሸከመው ይችላል። 11ም ደህና ነው። መስመርሽ ጤነኛ ነው። አሁን ኬብል ገዝተሽ ሰርቪስ ድረስ አስገቢ። ከቪዲዮው ፕሮግራም ላይ ደግሞ «ኤችዲ» (ጥርት ያለ ምስል) የሚለውን አጥፊ፤ 0.8 ለተራ ምስል ይበቃል።

የጊንጆዋ ቲቸር

ሄርማታ መርካቶ ሄጄ 20 ሜትር ኬብል ገዛሁ። ወንድሜ በሳሎኑ መስኮት አውጥቶ፣ በጣሪያው ክፈፍ ሥር አድርጎ ሰርቪስ አስገባው። ኬብሉ እንዳይጎዳ በምስማር ሳይሆን በገመድ ነው ያሰርነው። እሁድ ማታ አስተማርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተቋረጠም። «ጠ»ን ደገምነው። ትንሿ ወደ ካሜራዋ ተጠግታ «ጠጠር» አለችኝ፤ «ጠ»ዋ አፏ ውስጥ ስትፈነዳ ሰማኋት።

ራውተሩን ለጊዜው አልገዛም። ፋይበር ወደ ጊንጆ መቼ እንደሚደርስ ጠይቄ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ፈረንጅ አራዳ ያለኸው ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። የፈራሁት ክረምቱን ነው ጋሼ። ስልኩ እንደገና «ሽ» ካለ ምን ልበላቸው?

ጡረተኛው የመስመር ሠራተኛ

«ኢንተርኔቱ ቀነሰ» ብለሽ አታመልክቺ፤ ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪ ይሉሽና ይመልሱሻል። «የቤት ስልኬ ድምፁ ይንሿሿል» በዪ። ያኔ መሰላል ይዞ የሚመጣ ሰው ይልኩልሻል። ሲመጣ ምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥን እንዲከፍትልሽ ጠይቂው፣ አንቺም ከታች ቆመሽ እዪ።