ልጄ ፒያኖ ተጫዋች ልሁን ይላል፤ 12 ዓመቱ ነው፣ ረፍዶበታል?

እናት ከገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ዓምና አጎቱ ለልጄ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አመጣለት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። መብራት ሲጠፋ እንኳ አያርፍም፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ዜማውን በአፉ ያሰማል። ሰሞኑን ደግሞ ዩንቻን ሊም የሚባል ኮሪያዊ ወጣት ዩቲዩብ ላይ አግኝቶ እሱን ሳያይ አይተኛም። "እማዬ፣ እኔም እንደሱ እሆናለሁ" አለኝ። ምን ልበለው? ይሄ ልጅ በስንት ዓመቱ ጀመረ? የኔው ዘግይቷል ወይ? እንጀራስ ይወጣዋል? አባቱ "ትምህርቱን ያበላሽበታል" ብሎ ኪቦርዱን ቁም ሳጥን ላይ ሊሰቅለው ነው። የምታውቁ እርዱኝ።

የሙዚቃ ወዳጅ

እህቴ፣ ኪቦርዱ እንዳይሰቀል! ሊም እ.ኤ.አ. በ2022 ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ ላይ የቫን ክላይበርን የፒያኖ ውድድርን ሲያሸንፍ 18 ዓመቱ ነበር። በዚያ ውድድር በዚህ ዕድሜ ያሸነፈ ከሱ በፊት የለም። ሽልማቱ 100,000 ዶላር ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ልጅሽ ከዛሬ ጀምሮ በቀን 5 ሰዓት መለማመድ አለበት። አለዚያ አይሆንም።

የፒያኖ መምህር

5 ሰዓቱን ተይው እህቴ። 14 ዓመት ሳስተምር በሰዓት ብዛት ፒያኖ የጠሉ ልጆች ነው ያየሁት።

ሊም የጀመረው በ7 ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ተራ የፒያኖ ማስተማሪያ ነበር የገባው። በኋላ ሴኡል ላይ ሚንሱ ሶን የሚባል መምህር አገኘ። ለኔ የልጁ ታሪክ ዋናው እዚህ ላይ ነው። ሶን ቦስተን ወደሚገኘው ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ሲዛወር፣ ሊም ዓለም ካወቀው በኋላ እንኳ ተከትሎት ሄደ። ካሸነፈ በኋላም ተማሪ ሆኖ ቀጠለ።

ልጅሽ የሚያየው የሩሲያዊውን አቀናባሪ የራክማኒኖቭን ሦስተኛ ኮንሰርቶ (ፒያኖና ኦርኬስትራ አብረው የሚጫወቱት ሥራ) ይመስለኛል። የፍጻሜው ዕለት የተጫወተው ነው። በግማሽ ፍጻሜው ደግሞ ሊስት የሚባል አቀናባሪ የጻፋቸውን 12 ከባድ ኤቱዶች (የልምምድ ድርሰቶች)፣ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በአንድ ቁጭታ ተወጥቷቸዋል። ልጆች ይህንን አይተው የሚይዙት ፍጥነቱን ነው። እባክሽ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ኮንሰርቶውን ክፈችና የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ አብራችሁ አዳምጡ። ኦርኬስትራው በቀስታ ይጀምራል። ከዚያ ፒያኖው ይገባል፤ ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ዜማ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ግርግር የለም። ሰው ለብቻው እያንጎራጎረ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ልጅሽ ያቺን ዜማ ኪቦርዱ ላይ ይፈልጋት።

ሊም የአቀናባሪውን የሾፓንን ኤቱዶች ሲቀርጽ አንዷን፣ ኦፐስ 25 ቁጥር 7ን፣ መክፈቻዋን ብቻ ከ7 ሰዓት በላይ እንደተለማመደ ተናግሯል። መክፈቻዋ ፈጣን አይደለም። ግራ እጅ ብቻውን ቀስ ብሎ የሚዘምራት ናት። ያ ሁሉ ሰዓት የሄደው ድምፁ ልብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ነው። አልበሙ በ2024 ወጣና ግራሞፎን የተባለው የሙዚቃ መጽሔት የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ።

እኔ በልጅነቴ ይህን የሚነግረኝ አጣሁ። መምህሬ ፍጥነት ነበር የሚፈልገው። ሲያመኝ "ይለምድልሃል" ይለኝ ነበር። በ19 ዓመቴ የቀኝ እጄ አንጓ አበጠና አራት ወር የሻይ ስኒ ማንሳት አቃተኝ። ሊምም በ2024 እጁን ከልክ በላይ አድክሞት ኮንሰርቶች ሰርዟል። ስለዚህ ልጅሽ እጄን አመመኝ ካለ ያን ቀን ይዘጋ። አትከራከሪው።

ዕድሜውን በተመለከተ የፒያኒስቱን የግርማ ይፍራሸዋን ታሪክ ንገሪው። ልጅ ሳለ ክራር ነበር የሚጫወተው። ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተምሮ ዛሬ ሾፓንንም አምባሰልንም በአንድ መድረክ ያሰማናል። የ12 ዓመት ልጅ ምኑ ረፈደበት?

እንጀራውን አልዋሽሽም። እዚህ ከተማ በኮንሰርት ብቻ የሚኖር ፒያኒስት አላውቅም፤ ሁላችንም እናስተምራለን። ሊም ራሱ ተራራ ላይ ከፒያኖ ጋር ብቻ መኖር እንደሚመኝ፣ ግን ገቢ እንደማይኖረው ተናግሮ ነበር። አባቱ ስለ ትምህርቱ ቢሰጋ አልፈርድበትም። በቀን 40 ደቂቃ፣ የቤት ሥራው ካለቀ በኋላ ይሁን። ለዚህ ዓመት በቂው ነው።

እናት ከገርጂ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ያልከኝን አሳየሁት። "ይሄማ ቀላል ነው" ብሎ ኪቦርዱን ከፈተ። ዜማዋን ቶሎ አገኛት፤ ሁለቱ እጆቹ ግን አብረው አልወርድ አሉት። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይቀራል። ላብ በላብ ሆነ። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፣ ስንት ጊዜ እንደደገማት አላውቅም። አንዴ ግን እኩል ወረዱለት። አባቱ ሳሎን ዜና እያየ ነበር፤ ድምፁን ቀነሰና "እስቲ ያቺን ድገማት" አለው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የኪቦርዱ ቁልፎች ትንሽ ሲነኳቸው ይሰምጣሉ። በዚህ መቀጠል ይችላል?

የፒያኖ መምህር

ደስ አሰኘሽኝ! ለአሁኑ ይቀጥል። ግን ቁልፉ ቀላል ስለሆነ ጣቱ አይጠነክርም፣ ቀስ ብሎ መጫንና ጠበቅ አድርጎ መጫንንም በደንብ አይለይም። ስትገዙ ባለ 88 ቁልፍ፣ ቁልፉ እንደ ፒያኖ የሚከብድ፣ ፔዳል ያለው ዲጂታል ፒያኖ ፈልጉ። ያገለገለም ይሆናል። ልጁን ይዘሽው ሂጂና ገና ሳትከፍሉ ያቺን ዜማ ይሞክርበት፤ ቀስ ብሎ ሲጫን ድምፁ ቀስ ካላለ አትግዙት። ሐሙስ ከሰዓት እኔም ነፃ ነኝ፣ ከፈለጋችሁ አብሬያችሁ አያለሁ።