ዊልቸር በአዳራሽ ማደል ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ርዕሱን የከፈተው

ሰላም ለሁላችሁ። በዓል ሲቃረብ ሁሌ የማየው ነገር አለ። አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ከኮንቴይነር የወረዱ ዊልቸሮች ይደረደራሉ። አካል ጉዳተኞች በየተራ ይቀመጡባቸዋል። ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰጪዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ይሄ አሰጣጥ ይቁም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ግንባታ ላይ ሲሠራ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። ጀርባው ተጎዳ፤ ከወገቡ በታች አይሰማውም። ከሆስፒታል ሲወጣ ስለ ዊልቸር ያነሳለት ሰው አልነበረም። ስምንት ወር አልጋ ላይ ቆየ። ከዚያ በእንዲህ ያለ ዝግጅት አንድ ደረሰው። የዚያን ቀን ቤታችን ሠርግ ቤት ነበር የሚመስለው።

ወንድሜ ቀጭን ነው። ወንበሩ ግን ሰፊ ነው፤ በግራም በቀኝም መዳፌ ይገባል። መቀመጫው ጨርቅ ብቻ ስለሆነ መሐሉ እየረገበ ሄደ። ወንድሜም ወደ አንድ ጎኑ ተጋድሞ መቀመጥ ለመደ። በሁለተኛው ወር ሱሪው ላይ እርጥበት አየን። ላብ መሰለን። ስናየው መቀመጫው ላይ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቁስል ነበር። ከላይ ትንሽ ናት፣ ከውስጥ ግን አጥንት ጋ ደርሳለች። አይሰማውማ! አምስት ወር በደረቱ ተኛ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎት ስምንት ደረጃ እንዳለው ይናገራል። ሰውየው ተልኮ ቀጠሮ ይይዛል፣ ይመረመራል፣ የሚስማማው ይመረጥለታል፣ ገንዘቡ ተገኝቶ ይታዘዛል፣ ወንበሩ ይዘጋጃል፣ በልኩ ይስተካከላል፣ አጠቃቀሙን ይማራል፣ በመጨረሻም ክትትልና ጥገና አለ። አዳራሹ ውስጥ ከእነዚህ ስንቱ አለ? ለወንድሜ አንዱም አልተደረገለትም። ልኩ እንኳ አልተወሰደም። ጫማ ስንገዛ ቁጥር እንጠየቅ የለ?

የኮልፌዋ እናት

ስለ ወንድምህ በጣም አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ይማረው። ግን "ይቁም" ያልከው ነገር አልዋጥልህ አለኝ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል አለበት። እስከ ሰባት ዓመቱ በጀርባዬ ነው ያደገው። ሃያ ሁለት ኪሎ አዝዬ ነበር ታክሲ የምጋፋው። ሐኪም ቤት በጀርባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን በጀርባዬ። መጸዳጃ ቤት ስገባ እንኳ ማን ጋ እንደማስቀምጠው ይጨንቀኝ ነበር። አሁን ለመንበርከክ ግድግዳ እይዛለሁ። የወንድምህን ቁስል ቆጠርከው፤ የእኔን ወገብ ማን ይቁጠረው?

እኔም ያገኘሁት እዚያው አንተ ይቁም ባልከው አዳራሽ ነው። ልክ የወሰደ የለም፣ እውነትህን ነው። ስፖንጅ ገዝቼ፣ ቆርጬ፣ በጎንና በጎኑ ሸጎጥኩለት። ዛሬ ልጄ ደጅ ይወጣል። የሰፈር ልጆች ይገፉታል። ሲስቅ ብታየው! በመመሪያው መሠረት እስኪሰጠኝ ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን ጀርባዬ ላይ ነበር።

የደሴው

እኔ ራሴ ዊልቸር ላይ ነኝ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የመጀመሪያው ወንበሬ አቁስሎኛል። ያው ወንበር ግን ከቤት አውጥቶ ሥራ አስጀምሮኛል። ይቁም የሚል ሰው በምን እንደሚተካው አብሮ ይንገረን። አለበለዚያ አትንኩብን።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጎንደር

እናታችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ ሲበላ ያስለዋል? ትን ይለዋል?

የኮልፌዋ እናት

አዎ ዶክተር። ሁልጊዜ። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ታሞብኛል። ከወንበሩ ጋር ይገናኛል እንዴ?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጎንደር

ሳላየው እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። ግን ብዙ ጊዜ ይገናኛል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ወገቡ ካልተደገፈ ወደፊት ይጎብጣል፤ ሚዛን ሲያጣ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል። አንገት ወደ ኋላ ተጥሎ መዋጥ ከባድ ነው። እስቲ እርስዎ ጣራ እያዩ ውሃ ለመዋጥ ይሞክሩ። ምግቡ መንገድ ስቶ ወደ ሳንባ ይገባል። ዳሌው ጥግ ድረስ ገብቶ፣ እግሩ መርገጫ አግኝቶ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ አበላሉ ይለወጣል። ስፖንጅ መሸጎጥዎ ጥሩ ነው። እስከዚያው እግሩ እንዳይንጠለጠል መርገጫ ያድርጉለት፣ ቀጥ ብሎ ሳይቀመጥ አይመግቡት፣ ከበላ በኋላም ቶሎ አያስተኙት። ግን ባለሙያ ይየው። በቅርቡ!

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ሰዎች ዊልቸርን እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚያዩት። የተቸገረ አለ፣ ይሰጠው፣ አለቀ። ዊልቸር እንደ መድኃኒት ነው መታየት ያለበት። መጠኑ ከተሳሳተ ይጎዳል። ሕብለ ሰረሰሩ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ወንበሩ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ትራስ ያስፈልገዋል። በየሃያ፣ በየሠላሳ ደቂቃው በእጁ ተደግፎ ብድግ ማለት ወይም ወደ ጎን ዘንበል ማለት መማር አለበት። ማታ ማታ መቀመጫውን በመስታወት ማየት አለበት። ይህን ለማስተማር አንድ ሰዓት ይበቃል። አንዷን ሰዓት አጥቶ አምስት ወር በደረቱ የሚተኛ ብዙ ሰው አይቻለሁ። በዚያው ቁስል ሕይወቱ ያለፈም አለ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ላይ እኔም ተጠያቂ ነኝ መሰለኝ። እኛ እዚህ አሜሪካ ዊልቸር ሰብስበን በኮንቴይነር እንልካለን። አረጋውያን ሲያርፉ ቤተሰብ ይሰጠናል። ንጹሕ ነው፣ አንዳንዱ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ለመርከቡ ከየቤታችን አዋጥተን ነው የምንከፍለው። ጅቡቲ እስኪደርስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይሄ ሁሉ ሰው ያቆስላል ስትሉኝ ውስጤ ተረበሸ። ታዲያ እንተወው?

በያጅ ነኝ

ልጄ፣ አትተዉት። ግን ምን እንደምትልኩ ልንገርሽ። እኔ ዊልቸር መጠገን ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። የምትልኩት አብዛኛው ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ነው። ወለሉ ሊሾ ለሆነ ቤት። እኛ ጋ ኮብልስቶን ነው፣ ኮረት ነው፣ ጭቃ ነው። የፊተኛዎቹ ትናንሽ ጎማዎች ድንጋዩ መሐል ይቀረቀራሉ፤ ሰውየው በአፍጢሙ ይደፋል። ኩሽኔታው በአንድ ክረምት ጭቃ ጠጥቶ ያልቃል። የዚያን ልክ ኩሽኔታ መርካቶን ዞሬ የማጣበት ጊዜ ይበዛል።

የኋላው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጎማው ላይ 24 ይላል። የሳይክሉም ጎማ 24 ይላል። ሰዉ ገዝቶ ይመጣል፣ ልገጥመው ስል አይገባም። የዊልቸሩ ቸርኬ ከተለመደው የሳይክል ቸርኬ ሰፋ ይላል። ከጎን በትንሹ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን ቁጥር ብታዩ የዊልቸሩ 540፣ የሳይክሉ 507 ይላል። በዚህች ልዩነት ስንቱ ዊልቸር ቤት ጥግ ቆሞ ልብስ ይሰጣበታል መሰላችሁ! በአገር ውስጥ የሳይክል ጎማና ከመነዳሪ የሚሠራ፣ ፊቱ ወፍራም ጎማ ያለው፣ ቢቻል ባለ ሦስት እግር ላኩልን። እሱ ሲበላሽ የትም ሰፈር ይጠገናል።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጎንደር

ጋሼ ልክ ብለዋል። ስፋቱንም ልጨምር። አሜሪካ የተለመደው የአዋቂ ዊልቸር መቀመጫው 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ቀጫጭን ሰዎች ዳሌያቸው 35 ወይም 36 ቢሆን ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ትርፍ ማለት ነው። ወንድምህ ወደ ጎን የተጋደመው ለዚህ ነው።

የሕግ ሰው

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል። ስለ ሰጪዎች ብቻ ስናወራ መንግሥትን ረሳነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። አንቀጽ 26 ስለ ተሃድሶ ነው የሚያወራው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ሁሉ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። ሕጉ አለ። የአዳራሽ ጭብጨባው የሚጎዳን "ችግሩ ተፈቷል" ስለሚያስመስል ነው። በጎ አድራጊ ከሰጠ፣ በጀት ለምን ይያዛል?

ቁጥሩንም ተመልከቱ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አካል ጉዳተኛውን ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም የአካል ጉዳተኝነት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ግምት አስቀምጧል። ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም።

የደሴው

አዋጁን ተወው ወንድሜ። የወረዳችን ቢሮ ደረጃ አሥራ አራት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። በአራት ሰው ትከሻ ነው የምወጣው።

በጎ አድራጎት ላይ የምሠራ

እኔ እንዲህ ያለ ዝግጅት አዘጋጅቻለሁ። ስድብ ጠብቄ ነበር የገባሁት፣ ስላከበራችሁን አመሰግናለሁ። አንድ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ። ለጋሹ "ስንት ዊልቸር ሰጣችሁ?" ነው የሚለኝ። ለልክ የሚወስድ ባለሙያ አበል ብጠይቅ "የአስተዳደር ወጪ በዛ" እባላለሁ። ለትራስ ብጠይቅ ዝም። ለዊልቸር ግን እሺ። ፎቶውንም ቢሆን የምንፈልገው ለሚቀጥለው ዙር ገንዘብ ስለሚያመጣ ነው። ተቀባዮቹን ማሰለፍ ያሳፍረኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ፎቶ ከሌለ ዊልቸር የለም።

ርዕሱን የከፈተው

ይሄ ግልጽ መልስ ነው፤ አከበርኩህ። ግን እስቲ አስበው፣ መቶ ዊልቸር ሰጥተህ ሠላሳው ቢያቆስል፣ ሠላሳው በዓመቱ ቢሰበር፣ ለለጋሹ የምትነግረው መቶ ነው ወይስ አርባ? ቁጥሬ የምሳሌ ነው። ለወንድሜ ቁስል ግን ያወጣነው አዲስ ዊልቸር ይገዛ ነበር። ያውም ከነትራሱ።

የኮልፌዋ እናት

እሺ፣ ለልክ የት ልሂድ? የአካል ተሃድሶ ማዕከል አዲስ አበባ አለ፣ ባሕር ዳር አለ፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ አርባ ምንጭ፣ አሰላ አለ ይባላል። እኔ እንኳ አዲስ አበባ ነኝ። አንዲት ጎረቤቴ አማቷን ከገጠር ለማምጣት የአውቶቡስ፣ የአልጋ፣ የአስታማሚ ምግብ ብላ በሬ ሸጣለች። ማዕከል ይሂዱ ማለት ለገጠር ሰው አይሠራም። ቢያንስ አዳራሹ ሰፈር ድረስ ይመጣል።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጎንደር

እናታችን እዚህ ላይ አሳመኑኝ። እኔ ይቁም ከሚሉት ጋር ነበርኩ። አሁን ሐሳቤን ላስተካክል። አዳራሹ ይቅር አልልም። አዳራሹን ሁለት ጊዜ እንጠቀምበት። መጀመሪያ ሰዉ ይጠራል፣ ዊልቸር ግን የለም። ሜትርና ወረቀት ብቻ። የዳሌ ስፋት፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ። ይሰማዋል ወይ? ቁስል አለው? ቤቱ ደረጃ አለው? ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በልኩ ይታዘዛል። ሁለተኛው ቀን ይሰጣል፣ ይስተካከላል፣ አጠቃቀሙን ይማራል። ፎቶም ያን ቀን ይነሳ፤ ሰውየው በልኩ ተቀምጦ። ፊዚዮቴራፒ ተምረው የተመረቁ ልጆች በየከተማው አሉ። ቅዳሜ ቢጠሩ የሚመጡ ብዙ ናቸው። እኔ እመጣለሁ።

ከባድ እክል ያለባቸው ልጆች ግን በዚህ አይጠቃለሉም። ለእነሱ ማዕከል ግድ ነው። ከካርቶንና ከዱቄት ሙጫ ጠንካራ መደገፊያ ወንበር የመሥራት ዘዴ ዚምባብዌ ተጀምሮ ሌሎች አገሮችም ተቀብለውታል። በልጁ ልክ ይሠራል፣ ርካሽ ነው። እኛስ በየወረዳው ለምን አናስተምረውም?

የሕግ ሰው

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አሁንም በበጎ ፈቃድ ነው። ዊልቸርና ትራስ፣ የልክና የጥገናው ክፍያ ሳይቀር በጤና መድኅን ይሸፈን እስካልተባለ ድረስ ቅዳሜ የሚመጣ ሰው ስንፈልግ እንኖራለን። በዚህ አልስማማም።

የደሴው

እኔ መድኅኑን እስክታሸንፍልን ቅዳሜውን እወስዳለሁ።

በጎ አድራጎት ላይ የምሠራ

የመለኪያውን ቀን ለለጋሹ እጽፈዋለሁ። እምቢ ካለ መልሱን እዚሁ አምጥቼ አሳያችኋለሁ። ግን አንድ ስጋት አለኝ። ልኩ ተወስዶ ወንበሩ ሳይመጣ ቢቀርስ? ሰዉን ሁለት ጊዜ ተስፋ ማስቆረጥ ይሆናል።

ርዕሱን የከፈተው

ያ ስጋት እውነተኛ ነው። መልስ የለኝም። ወንድሜን ጠየቅኩት፤ "ቢያንስ የሚበቃኝን ልክ አውቄ እጠብቃለሁ" አለ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

የእኛ ኮንቴይነር ኅዳር ላይ ይዘጋል። የሰበሰብነውን ሰፊውን ሁሉ አወጣሁት። ጋሼ በያጁ፣ ቦታው ባዶ ከሚሄድ ምን ልሙላበት?

በያጅ ነኝ

ትራስ። ስፖንጅ ብቻ ሳይሆን ለቁስል መከላከያ የተሠራውን። ከዚያ ባለ 540ውን ጎማ ከነከመነዳሪው፣ እዚህ ያሉት ቆመዋልና። ለፊተኛዋ ጎማ ኩሽኔታ፣ የቻልሽውን ያህል። ጠባብ ወንበር ካገኘሽ ደግሞ 14 እና 16 ኢንች። ለኮልፌዋ እናት ልጅ አንዷን በስሙ ጻፊበት፤ ልኩን ዶክተሩ ይነግርሻል።