የግራ እጅ የኢላማ ጠመንጃዬን ለማን ልሽጥ?

ግራኟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራኝ ነኝ፤ ጠመንጃዬም ለግራኝ የተሠራች አንሹትዝ፣ የጀርመን ሥሪት ናት። የጥይቷ ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ለ50 ሜትር ኢላማ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ቆየን። አሁን ትከሻዬ እምቢ አለኝና ልሸጣት ነው።

ሁለት ሰዎች ጠይቀውኛል። አንደኛው ገና ሰላም ሳይለኝ "የመጨረሻ ስንት?" አለ። ፈቃድ አለህ ወይ ስለው "እሱ ቀላል ነው" ብሎ አለፈው። ሁለተኛዋ መተኮስ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት፤ እሷም ግራኝ።

የሚያስጨንቀኝ ምላጩ ነው። ከ100 ግራም በታች ነው ያስተካከልኩት። ጣት ገና ሲያርፍበት ይተኩሳል። የማያውቅ ሰው እጅ ከገባችስ?

የድሮ አሠልጣኝ፦
እህቴ፣ የመጀመሪያውን ሰው ተዪው። ፈቃድን ቀላል ነው ብሎ ከሚያልፍ ሰው ጋር ዋጋ አትነጋገሪ።

ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ መጀመሪያ ያስመዘገብሽበትን ቢሮ ጠይቂ። ሽያጩን ፈቃድ ባለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ በኩል ብታደርጊው ይሻላል። ወረቀቱን ያያል፣ መለያ ቁጥሩን ይመዘግባል። ከስምሽ መውጣቱን የሚያሳየውን ሰነድ በእጅሽ ያዢ። ፎቶ ስትለጥፊ መለያ ቁጥሩና የቤትሽ አድራሻ እንዳይታዩ።

ልጅቷን ግን ከአሠልጣኟ ጋር ወደ ተኩስ ሜዳ ጥሪያት። ስትቀበልሽ እጇን እዪ። አፈሙዙ ወዴት ዞረ? ጥይት አለመጉረሱን ራሷ አየች ወይስ አንቺን አመነች? ጣቷስ የት ነው? ከወራት ብዛት ይልቅ እኔ እሱን ነው የማምነው።

ባለ 50 ሜትር፦
ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ከማሳየትሽ በፊት ምላጩን ትንሽ አክብጂው፤ ስንት እንደነበረም ንገሪያት።

ሌላው ጥይቱ ነው። በጥይት ፓኮው ላይ የምርት ቁጥር አለ፤ አብረው የተመረቱትን ጥይቶች የሚለይ ነው። አንዱ በርሜል የሚወደውን ምርት ሌላው ይጠላዋል። የ50 ሜትሩ 10 ቁጥር ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ወረቀት ላይ ይታያል። በየትኛው ምርት እንደተኮስሽ ከነኢላማ ወረቀቱ ስጫት። ሥራውን የሚያውቅ ገዢ ይህን ሳይጠይቅ አይሄድም።

ግራኟ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከአሠልጣኟ ጋር መጣች። ጠመንጃዋን ስዘረጋላት እጇን ሰበሰበችና "መጀመሪያ መዝጊያውን ክፈቺልኝ" አለች። ከፈትኩት። ጎንበስ ብላ አየች፣ በትንሽ ጣቷም ዳሰሰች። ልቤ ያን ጊዜ አረፈ።

የምርት ቁጥሩን ግን አልጠየቀችም፤ አሠልጣኟ ናቸው የጠየቁት። የተኩስ ደብተሬን ሰጠኋት፤ የመዘገብኩት ሁሉ እዚያ አለ።

የፈቃዷ ጉዳይ ገና አላለቀም። እስኪወጣ ጠመንጃዋ እኔ ጋ ካዝና ውስጥ ትቆያለች፤ መዝጊያው ተነቅሎ ለብቻው ተቆልፏል። ቀብድ አልተቀበልኩም። ሲያልቅ ነጋዴው ጋ አብረን እንሄዳለን።

ሰደፉን ግን ለእሷ ክንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ነበረብን።